ቬስቲጅ፦ የሄደ እግር የተወው ምልክት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ለአንድ ቃል አንድ ምሽት መስጠት የበዛ የሚመስላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ርእሱን የመረጥሁት ግን በራሴ ስሕተት ምክንያት ስለሆነ፣ ከዚያው ልጀምር።

ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊ ታሪክ የተጻፈ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ «ቬስቲጅ» የሚለው ቃል ይደጋገማል። መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ «ቅሪት» ይላል። እኔም ከላይ እስከ ታች «ቅሪት» እያልሁ ጨረስሁት። ረቂቁን ያነበቡት አዛውንት አርታኢ በአንዱ ዐረፍተ ነገር ሥር በቀይ አሠመሩና «የምን ቅሪት ነው? አጥንት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወደ ዋናው ጽሑፍ ተመልሼ ሳየው የሚናገረው ስለ እግር ዱካ ነበር። በእኔ አማርኛ ግን ዱካው አጥንት ሆኖ ተቀምጧል። አንባቢው ያልተገኘ አጥንት እንደ ተገኘ ሊያምን ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። «ቬስቲጅ» በጥንተ ትርጉሙ የእግር ዱካ ነው። ዱካ ደግሞ የእግር ቅሪት አይደለም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ቃሉን በእንግሊዝኛም በትክክል አይጠቀምበትም፣ ወደ አማርኛም በትክክል አይመልሰውም።

ልዩነቱን እኔ መጀመሪያ የተማርሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ያደግሁት በገጠር ነው። በአንድ የክረምት ሌሊት አንድ በሬያችን ከበረት ጠፋ። ማለዳ አባቴ እኔን አስከትለው ወጡ። በረቱ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ጭቃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «አየኸው? በሬው ብቻውን አልሄደም» አሉኝ። ከበሬው ኮቴ ጎን የሰው ዳና ነበር። ዳናው አንዳንድ ቦታ በኮቴው ላይ ተደርቦ ታትሟል፤ ስለዚህ ሰውየው ከኋላ ሆኖ እየነዳው ነበር። ጠርዙ ገና አልፈረሰም፤ ስለዚህ የሄዱት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። በዚያ ጭቃ ላይ ከበሬው አንዲት ጠጉር፣ ከሰውየውም አንዳች ነገር አልነበረም። ሆኖም ማን ምን እንዳደረገ፣ ወዴት እንደ ሄደና መቼ እንደ ሄደ ተጽፎ ነበር። ዱካ ማለት ይህ ነው፤ ሄዶ የሌለ ነገር፣ ከራሱ ምንም ሳይተው፣ በሌላ ነገር ላይ ያተመው ምልክት።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ቬስቲጅ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። የላቲኑ «ቬስቲጊዩም» የእግር መርገጫን፣ ማለትም ውስጥ እግርን፣ እንዲሁም ውስጥ እግር በመሬት ላይ የሚተወውን ምልክት ይጠራበት ነበር። ከዚሁ ስም «ቬስቲጋሬ» የሚል ግስ ወጣ፤ ትርጉሙም ዱካ ተከትሎ ማደን ነው። ሮማውያን ግሱን ለአዳኝ ውሻ ይናገሩበት ነበር። በዚህ ግስ ላይ «ውስጥ» የሚል መነሻ ሲጨመርበት ዛሬ ፖሊስም ተመራማሪም የሚጠቀሙበት «ኢንቬስቲጌት» የሚለው ቃል ተገኘ። ስለዚህ ምርመራ በላቲን ዐይን ሲታይ ዱካ ውስጥ ገብቶ መሄድ ነው።

የእኛም ቋንቋ ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በግእዝ «ፈለግ» የወንዝ ስም ነው። በአማርኛ ደግሞ ቀድሞ የሄደ ሰው የተወውን መንገድ «ፈለግ» እንላለን፤ ልጅ የአባቱን ፈለግ ይከተላል። የጠፋውን ነገር ለማግኘት ስንነሣ የምንሠራውን ሥራ የምንጠራው በዚያው በፈ፣ በለ እና በገ ነው፤ ፍለጋ። ላቲን ከዱካ ምርመራን እንዳወጣ፣ አማርኛም ፈለግንና ፍለጋን ጎን ለጎን አስቀምጧል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ «ቬስቲጅ»ንና «ኢንቬስቲጌት»ን አንድ ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ነገር ከእናቱ ቋንቋ ውስጥ አለለት።

እንግሊዝኛ ይህን የላቲን ቃል ከመዋሱ በፊት ለዱካ የራሱ ቃላት ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ የጥንቱ እንግሊዝኛ «ላስት» ነው። ዛሬ በዚህ ትርጉሙ የለም፤ ነገር ግን ጫማ ሰፊ ቆዳውን የሚወጥርበት የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት እስከ አሁን በዚሁ ስም ይጠራል። የሥርወ ቃል ሊቃውንት «መማር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳይቀር ከዚሁ የዱካ ሥር ጋር ያያይዙታል፤ መማር በመነሻው ዱካ መከተል ነበር።

ሁለተኛው ቃል «ትሮድ» ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ላይ ከብት ዘረፋ በበዛባቸው መቶ ዓመታት «ትኩስ ትሮድ» የሚባል ሕግ ነበር። ከብቱ የተዘረፈበት ሰው በስድስት ቀን ውስጥ ከተነሣ፣ ዱካውን ተከትሎ ድንበር የመሻገር መብት ነበረው። ሲሻገርም ጥሩንባ እየነፋ፣ ውሻ እያስቀደመ፣ በጦሩ ጫፍ የሚነድ የሣር ጓል ሰክቶ ይሄዳል፤ ሌባ አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ውሻውን የሚጠሩበት «ስሉዝ» የሚለው ቃልም ከሰሜን ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ሌላ የዱካ ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ስም በአሜሪካ ከውሻው ወደ ወንጀል መርማሪው ተላለፈ። አባቴ ይህን ሕግ ቢሰሙ ኖሮ የሚገርማቸው አይመስለኝም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ እያሉ «ቬስቲጅ» ምን ሊያደርግ መጣ? የላቲን ቃል እንደ መሆኑ የገባው በሊቃውንት እጅ ነው። መጀመሪያ ይዞት የገባው ግን ያንኑ እግር ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት ቃሉን የሚፈታው ከእግር ዱካ ተነሥቶ፣ አላፊ ነገር በማለፉ የሚተወው ምልክት ነው በማለት ነው። ዛሬ ያለ አንድ እንግሊዛዊ ጭቃ ላይ የእግር ምልክት ቢያይ «ቬስቲጅ አየሁ» አይልም። ቢል አድማጩ ያረጀ አነጋገር ብሎ ፈገግ ይላል። በዚህ ትርጉሙ ቃሉ አሮጌ ሆኗል። ትርጉሙ ግን አልሞተም፤ ከቃሉ ሥር ተቀምጦ አጠቃቀሙን ይመራል። ይህን በሦስት መስክ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ሥነ መለኮት ነው። የ13ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ቦናቬንቱራ እ.ኤ.አ. በ1259 በጻፈው የአእምሮ ጉዞ መጽሐፉ ሁለት የላቲን ቃላትን ይለያል። ፍጥረት ሁሉ የፈጣሪው ዱካ ነው፤ አእምሮ ያለው ሰው ግን የፈጣሪው አምሳል ነው። ዱካው ማንነቱን በቀጥታ አያሳይም፤ በዚህ እንዳለፈ ግን ይመሰክራል። አምሳል መልክን ያሳያል። ቦናቬንቱራ «ቅሪት» ሊል አስቦ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ በሙሉ ይፈርስ ነበር፤ ፍጥረት ከፈጣሪ ተቆርሶ የወደቀ ቁራሽ ነው እንደ ማለት ይሆናልና።

ሁለተኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። የኤድንብራው አሳታሚ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ስሙን ሰውሮ ስለ ፍጥረት የተፈጥሮ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ «ቬስቲጅስ» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ አስቀመጠ። መጽሐፉ ብዙ ቁጣና ብዙ አንባቢ አገኘ፤ የደራሲው ስም በይፋ የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ከቻምበርስ 15 ዓመት ቆይቶ መጽሐፉን ያሳተመው ቻርልስ ዳርዊን ሥራቸውን ስላጡ የአካል ክፍሎች ሲጽፍ የመረጠው ሌላ ቃል ቢሆንም፣ ያመጣው ምሳሌ ለእኛ የቋንቋ ሰዎች የሚጣፍጥ ነው። እነዚህን አካላት በቃል ውስጥ ተጽፈው ከሚቀሩ፣ ግን ከማይነበቡ ፊደላት ጋር ያመሳስላቸዋል። ፊደላቱ ለንባብ አይጠቅሙም፤ የቃሉን ሥር ለሚፈልግ ሰው ግን ምልክት ይሰጣሉ።

አማርኛ አንባቢ ይህን ምሳሌ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአፋችን አንድ ናቸው፤ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በጥንት ግን የተለያዩ ድምፆች ነበሯቸው። ድምፁ ሄዷል፤ ፊደሉ የድምፁ ቁራሽ ሳይሆን ድምፁ በብራና ላይ ያተመው ዳና ነው። «ሠረቀ» ብሎ የፀሐይን መውጣት፣ «ሰረቀ» ብሎ የሌባን ሥራ የሚለይ ጸሐፊ የሚያነበው ያንን ዳና ነው።

በሳይንሱ መስክ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ከ«ቬስቲጅ» የወጣው «ቬስቲጂያል» የሚለው ቅጽል ብዙ ጊዜ «ጥቅም የሌለው» ተብሎ ይተረጎማል። ቃሉ ግን ስለ ጥቅም የሚናገረው ነገር የለም። ዓሣ ነባሪ በሥጋው ውስጥ ትንንሽ የዳሌ አጥንቶች አሉት። አጥንቶቹ ከመራቢያ አካላቱ ጡንቻዎች ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ጥቅም አላቸው። «ቬስቲጂያል» መባላቸው የዓሣ ነባሪ የጥንት አያቶች በየብስ ላይ በአራት እግር ይራመዱ እንደ ነበር ስለሚመሰክሩ ነው። ቅጽሉ የሚጠይቀው «ምን ይሠራል?» ብሎ አይደለም፤ «በዚህ ማን አለፈ?» ብሎ ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው፤ ልዩነቱ የሰው ኑሮ የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ተማሪዎችን በዘር የሚለይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ1971 የሰሜን ካሮላይናን የሻርለትና የመክለንበርግን ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሲያይ፣ ዓላማው ያ የመለያየት ሥርዐት የተዋቸውን «ቬስቲጅስ» ሁሉ ከትምህርት ቤቶች ማጥፋት እንደ ሆነ አስታወቀ። ቃሉን «ቅሪት» ብለን ከተረጎምነው ተከራካሪው ወገን በቀላሉ «የመለያየቱ ሕግ ተሽሯል፤ አንድም አንቀጽ አልቀረም፤ ስለዚህ ቅሪት የለም» ይለናል። «ዱካ» ካልን ግን መልሱ አያስኬደውም። ሕጉ እግር ነበር፤ ሄዷል። ያተመው ግን በሰፈሮች አቀማመጥ፣ በትምህርት ቤቶቹ ሥፍራ፣ በተማሪዎቹ ድልድል ላይ ይታያል። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ያ እንዲጠፋ ነው። ልጆች በሩቅ ሰፈር ወዳለ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ እንዲጓዙ ማዘዝ እንደሚቻል የተፈረደውም በዚሁ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን ቃሉን ከጎረቤቶቹ እንለየው። እንግሊዝኛ ላለፈ ነገር ምስክር የሚሆኑ ሦስት ቅርብ ቃላት አሉት። «ሬምናንት» ከሙሉው የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ልብስ ተሰፍቶ የሚተርፈው ጨርቅ በዚህ ስም ይጠራል። የአማርኛው «ቅሪት» በትክክል የሚስማማው ለዚህ ነው። «ሬሊክ» ሄያጁ ትቶት የሄደው፣ በኋላ ያሉት የሚያከብሩት ነገር ነው፤ ዐጽመ ቅዱሳን በዚህ ይጠራል። «ቬስቲጅ» ግን ሄያጁ በማለፉ ብቻ በሌላ ነገር ላይ የተወው ምልክት ነው። አንድ የፈረሰ ግንብ አስቡ። ቆሞ የቀረው ግድግዳ ሬምናንት ነው። ከግንቡ ተነቅሎ ቤተ መዘክር ገብቶ የሚከበረው የተቀረጸ ድንጋይ ሬሊክ ነው። ድንጋዩ ሁሉ ተወስዶ፣ መሠረቱ በነበረበት መስመር ላይ ሣሩ ቀለሙን ለውጦ ሲበቅል፣ ያ መስመር ቬስቲጅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዛሬ እንግሊዞች ራሳቸው እነዚህን ቃላት ያቀላቅላሉ፤ መዝገበ ቃላቶቻቸውም «ቬስቲጅ»ን የቀረች ጥቂት ነገር ብለው ይፈቱታል። በዚህ መልክ የተጠቀመ ሰው ተሳሳተ አይባልም። ሆኖም ቃሉ በተለመዱ አገባቦቹ ውስጥ የጥንቱን እግር አልለቀቀም። ለተማሪዎቻችን ሦስት ነጥቦች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቃሉ ምንጊዜም ባለቤት ይፈልጋል። የምን ቬስቲጅ እንደ ሆነ መነገር አለበት፤ ዱካ ያለ ረጋጭ የለምና። ባለቤቱም ያለፈ ወይም በማለፍ ላይ ያለ ነገር መሆን አለበት። የፈረሰ ግዛት ቬስቲጅ ይባላል፤ በሙሉ ጉልበቱ ላለ መንግሥት ግን አይባልም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ በአሉታ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በጣም ይመቸዋል። በሰውየው ንግግር የእውነት ቬስቲጅ አልነበረም ሲባል፣ እውነት በዚያ በኩል አልፋ እንኳ አታውቅም ማለት ነው። «ትንሽ እውነት የለበትም» ከማለት ይጠነክራል። አማርኛ «ደብዛው ጠፋ» ሲል የሚያገኘው ኀይል ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ሦስተኛ፣ «የቀረ ቬስቲጅ» ማለት ድግግሞሽ ነው፤ መቅረት በቃሉ ውስጥ አለ። «የመጨረሻው ቬስቲጅ» ግን የተለመደና ተገቢ አነጋገር ነው፤ ከብዙ ዱካዎች የመጨረሻዋ ልትጠፋ መሆኑን ይናገራልና።

ወደ ማጠቃለያዬ ስቀርብ፣ ጉዳዩ ወደ ገዛ ቋንቋችን ይመለሳል። በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች በዐለት ውስጥ የተጠበቀ የጥንት ሕይወት ምስክር «ቅሪተ አካል» ይባላል። ለድንቅነሽ ቃሉ በልኳ የተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.18 ሚሊዮን ዓመት አጽም በእርግጥ የአካል ቅሪት ናት። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የሜሪ ሊኪ የጥናት ቡድን በታንዛንያ፣ ላቶሊ ላይ በሁለት እግር የሄዱ ፍጡራንን ዱካ አገኘ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ በዝናብ ረጥቦ ሳለ ተራምደውበት፣ አመዱ ደርቆ ጠንክሮ፣ 3.66 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቆይቷል። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ዱካውን ለድንቅነሽ ዝርያ ይሰጡታል። በዱካው ውስጥ አንዲት አጥንት የለችም። ሆኖም አጥንት የማይነግረንን ነገር ይነግራል፤ ክብደቱ ከተረከዝ ወደ ጣት እንዴት እንደ ተላለፈ፣ እርምጃው ምን ያህል አጭር እንደ ነበረ፣ ትልቅ አንጎል ከመምጣቱ እጅግ ቀድሞ ቀጥ ብሎ መራመድ እንደ ነበረ። ይህን «ቅሪተ አካል» ብለን ስንጠራው የሌለ አካል እንሰጠዋለን።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በላይኛው አዋሽ ዳር በምትገኘው መልካ ቁንጡሬ፣ ጎምቦሬ በተባለው ሥፍራ 700,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የአዋቂዎች ብቻ አይደሉም፤ የልጆችም አሉበት። በዙሪያቸው የእንስሳትና የወፎች ዱካ አለ። የድንጋይ መሣሪያ በተሠራበት፣ ሥጋ በተበለተበት ሥፍራ ልጆችም አብረው ይውሉ እንደ ነበር የምናውቀው በእነዚያ ትንንሽ ዳናዎች ነው። መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እንግዲህ የትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ስለ እነዚያ ልጆች ሲጽፉ «የልጆች ቅሪተ አካል ተገኘ» ቢሉ፣ ተማሪው የሚያስበው የሞተ ሕፃን አጥንት ነው። የተገኘው ግን ጭቃ ላይ የቆመ ሕያው ሕፃን ያተመው ዱካ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ለአጥንቱና ለጥርሱ «ቅሪተ አካል» ይኑር፤ ለዱካው ግን «ጥንታዊ ዱካ» እንበል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም። ዱካ አለን፤ ዳና አለን፤ ኮቴ አለን፤ ፈለግ አለን። ግእዙም «አሠር» የሚል ያቀርብልናል። ለ«ቬስቲጅ»ም እንዲሁ ነው። ከሙሉው የተረፈ ቁራጭ ሲሆን «ቅሪት»፣ በሌላ ነገር ላይ የታተመ ምልክት ሲሆን «ዱካ» ወይም «አሻራ» ብለን እንመልሰው። የቱ እንደሚሻል ለማወቅ ተርጓሚው መጠየቅ ያለበት አንዲት ጥያቄ ናት፤ ይህ ነገር የሄደው አካል ቁራሽ ነው ወይስ የሄደው አካል የረገጠው መሬት?

በሬያችን በሦስተኛው ቀን በሌላ ቀበሌ ተገኘ። ዱካው ወንዝ ዳር ደርሶ ጠፍቶ ነበር፤ አባቴ ውሃውን ተሻግረው በወዲያኛው ዳር አጎንብሰው እስኪያገኙት ድረስ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እኔ ልጅ ስለ ነበርሁ ሰለቸኝና «ጠፍቷል፣ እንመለስ» አልኋቸው። እሳቸው ግን ቀና እንኳ ሳይሉ «በሬ ወንዝ ውስጥ አይቀርም፤ የወጣበት ቦታ አለ» አሉኝ። መዝገበ ቃላት ገልጨ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዤ ልሄድ ስል አሁንም ይህ ቃላቸው ያስቆመኛል።